ዘጠኝ ሰዓት ያልኩ ዕለት

ናይሮቢ ከገባሁ ጀምሮ እንጀራዬ ምላሴ ናት። ለአንድ የእርዳታ ድርጅት አማርኛውን ወደ ስዋሂሊ፣ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እገለብጣለሁ። "አንቺ እኮ አትሳሳቺም" ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም።

በዚያ ጠዋት ከሰፈሬ ከካሳራኒ በማታቱ ታክሲ አውሮፕላን ማረፊያ ወርጄ ወደ ሰሜን በምትበር ትንሽ አውሮፕላን ተሳፈርኩ። ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ከኋላ ተቀመጡ፤ እኔ ቦታ ጠቦ ከፓይለቱ አጠገብ ደረሰኝ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ኬንያዊ ነው። የምናርፍበት ሜዳ የአፈር ነው አለኝ፤ ማማ የለውም፣ አንተ ቆይ አንተ ውረድ የሚል ሰው የለም። ፓይለቶቹ ሁሉ በአንድ ሬዲዮ የት እንዳሉ ይነጋገራሉ፤ የቀረው የዓይን ሥራ ነው።

"ዳዳ፣ በዓይንሽ አግዢኝ" አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው። የአውሮፕላኑ አፍንጫ አሥራ ሁለት ቁጥር ነው፣ ዙሪያውን እንደ ግድግዳ ሰዓት ቁጠሪው፤ ሌላ አውሮፕላን ካየሽ ስንት ሰዓት ላይ እንዳለ በእንግሊዝኛ ንገሪኝ አለኝ። ይኼ ደግሞ ምኑ ይከብዳል ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ሜዳው ብቅ ሲል ሬዲዮው ላይ ሌላ ፓይለት ተናገረ። እሱም እዚያው ሊያርፍ እየመጣ ነው። የእኛው ፓይለት ያለንበትን ነገረው፤ ግን አንዱም ሌላውን አላየም። "ፈልጊው" አለኝ።

አየሁት። በስተቀኜ፣ ከእኛ እኩል ከፍታ ላይ፣ ቅርብ ነበር።

"ናይን ኦክሎክ!" አልኩ።

ፓይለቱ ወደ ግራ አየ። ምንም የለም። ያም ሆኖ ከግራ ሊሸሽ አውሮፕላኗን ወደ ቀኝ አጠፋት፤ ቀጥታ ወደዚያኛው።

ክው አልኩ። ክንዱን በጥፊ መትቼ ወደ ቀኝ ጠቆምኩ። አየውና ወደ ግራ ጠምዝዞ ሽቅብ ጎተታት። ያኛው ከእኛ በታች አለፈ፤ ክንፉ ላይ የተጻፉትን ፊደሎች አነበብኳቸው፣ ዛሬም አልጠፉኝም። ከኋላ ሲያንጎላጁ ከነበሩት አንዷ ነርስ ነቅታ ምን ዓይነት ነፋስ ነው በኢየሱስ ስም ብላ መልሳ ተኛች።

ካረፍን በኋላ ጎማው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ያኔ ነው የገባኝ። ወይ ጉዴ! የሰዓቱ ዘንግ ሦስት ቁጥር ላይ ሲደርስ በእኛ ቤት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ናይሮቢ ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ ሦስትን እያየሁ ዘጠኝ ብያለሁ! ዓይኔ ሦስትን አየ፣ ልቤ ዘጠኝ አለ፣ ምላሴ ዘጠኙን ወደ እንግሊዝኛ ገለበጠችው። ቁጥሩን ተረጎምኩ፤ ሰዓቱን ግን ረሳሁት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ፤ እኔ የሁለት አውሮፕላን ሰው አፋፉ ላይ አቆምኩ።

ፓይለቱ መጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ ሁሉንም በስዋሂሊ ነገርኩት። "ሳ ቲሳ" አለ ለራሱ ያህል፣ ዘጠኝ ሰዓት። ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛው ነው፤ እናቱ ቤት እሱም እንደ እኔ ይላል። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን አንገብግቦኝ ጠየቅሁት።

"በግራ በኩል ምንም እንደሌለ በዓይንዎ አይተዋል። ታዲያ ለምን ወደ ቀኝ ታጠፉ?"

"አንቺ አይቻለሁ አልሽኝ" አለ። "ከዓይኔ ይልቅ አንቺን አመንኩ።"