አባቷ ሲጠሯት ባሕር ዳር ነበርን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይህችን እየዘለልኩ ኖሬያለሁ። እርስዎ አንባቢዬ ግን አያውቁኝምና ይስሙኝ።

ያኔ ከጓደኛዬ ከሰናይት ጋር ዴንቨር፣ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖር ነበር። ሁለታችንም ሆቴል ውስጥ ክፍል እናጸዳለን። ውቅያኖስ አይተን ስለማናውቅ፣ እንደምንም ፈቃድ አግኝተን ዋሽንግተን ስቴት ባሕር ዳር ወዳለ ናሽናል ፓርክ ለመሄድ ቲኬት ቆረጥን። በጉዟችን ዋዜማ፣ እሷ ሥራ ላይ ሳለች፣ ወንድሟ ከደሴ በቤታችን ስልክ ደወለ፤ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«አባባ በጣም ደክመዋል። ድምፅዋን ልስማ እያሉ ነው። ዛሬውኑ ትደውል።»

እሺ አልኩት። አልነገርኳትም።

ለምን? መንገደኛ ክፉ ወሬ አይነገረውም ብዬ? እኛ አገር መርዶ እንኳ ጊዜ ተመርጦለት፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው ብዬ? እንዲህ እያልኩ ራሴን ደለልኩ። መርዶ የሚቆየው ግን ለሞተ ሰው ነው፤ እኔ ያቆየሁት በሕይወት ያሉ አባት ጥሪ ነው። ብነግራት ጉዞው ይቀራል፤ እኔ ደግሞ ባሕሩን ማየት ፈልጌ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ባሕሩ ያምር ነበር፤ ይህንንስ አልዋሽም። ጥቋቁር አለቶች ከውሃው መሀል ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ማዕበል የተፋው ግንድ ዳር ዳሩን ተጋድሟል። ክብ ክብ ድንጋዩ ላይ እየተንሸራተትን ሳቅን። ሰናይት ጫማዋን አውልቃ በረዶ የመሰለው ውሃ ውስጥ ገባች።

«አባባ ይህን ቢያዩ! ስንመለስ ደውዬ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ።

ያኔም መናገር እችል ነበር። ፎቶ አነሳኋት።

ሳንመለስ አረፉ። ወንድሟ እዚያው ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ላለች ዘመዳቸው ደውሎ ኖሮ፣ በተመለስን ማግሥት መርዶ ነጋሪዎቹ ማለዳ መጡ። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ሰናይት «ታመው ነበር እንዴ?» ብላ ስትጮህ፣ ማንም ሳይቀድመኝ «በድንገት ነው» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት።

ወንድሟ ከዚያ ወዲህ አኩርፏታል። አባቷ እየጠሯት ሽርሽር የሄደች መስሎታል። ባለፈው እሑድ ሃቫና ስትሪት መኪናዋን ፓርክ አድርጋ፣ ሳትወርድ ወደ እኔ ዞረችና «ቆይ፣ እኔ ወንድሜን ምን አድርጌው ነው?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኳት።

ይቅር ይበሉኝ አልልም። ይህንንም ቢሆን ከእሷ በፊት ለእርስዎ ነገርኩ።