ከዜሮ እስከ አራት

ታናሽ እህቴን ሚጡ እንላታለን፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኗታል፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም። የምትሠራው አንድ ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ ነው፤ ሸሚዝ ትተኩሳለች። መጀመሪያ ኮሌታውን፣ ቀጥሎ የእጅጌውን ጫፍ፣ ከዚያ ጀርባውን። በቀን መቶ ሃያ ሸሚዝ ታወጣለች፤ አንድ እጥፋት ዝንፍ ሲል አይቼ አላውቅም። እጇ ይባረክ!

ልቧ ግን ሌላ ነው። አለቃዋ ሰላም ሳይላት ካለፈ ጉድ ፈላ። ሦስት ጊዜ ሥራ ለቅቃ ሦስት ጊዜ ተመልሳለች። ጠዋት «ያላንቺ ማን አለኝ» ብላ ስማኝ ትወጣለች፤ ምሳ ሰዓት ስልኳን ካላነሳሁ ጠላቷ ነኝ። ክንዷ ላይ «ካውያው ነካኝ» የምትለው ጠባሳ ሁሉ ደግሞ የካውያው ጥፋት አልነበረም። ይህን ባወቅሁ ቀን ነው እጇን ይዤ ሐኪም ቤት የወሰድኳት።

«ቦርደርላይን» የሚባል የስብዕና መታወክ ነው አሉን። ድንበር ማለት ነው ሲሉኝ እኔ የታየኝ ጠረፍ የሚጠብቅ ወታደር ነው። አንዲት አማካሪ ተመደበችላት፤ በየሐሙሱ አንድ ሰዓት። ከወሬው በፊት ግን ወረቀት ይሞላል፤ አሥር ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ አራት ካሉት ቁጥሮች አንዱን ማክበብ ነው። ባለፈው ሳምንት ባዶነት ምን ያህል ተሰማዎት? ቁጣስ? ራስን የመጉዳት ሐሳብስ? ዜሮ ምንም ማለት ነው፤ አራት እጅግ በጣም። አማካሪዋ በእርሳስ ትደምረዋለች። የመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ሦስት መጣ።

ዓመት ሳይሞላ ሃያ አምስት፣ ከዚያ አሥራ ሰባት ሆነ። እኔ ጮቤ ረገጥኩ። ሚጡ ግን ድምሩ በወረደ ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ከአሥራ ሦስት በታች ያመጣ ሰው ሐሙሱን ለሌላ ይለቃል፣ እሱ በሦስት ወር አንዴ ብቻ ይመጣል። ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ብዙ ነዋ።

አንድ ሐሙስ ሁሉም ላይ ሦስት ሦስት ሞላች። አማካሪዋ «ይሄ መቼ ሆነ? የት?» እያለች አንድ በአንድ ስትጠይቃት ተያዘች። «የሆነውን ብቻ ጻፊልኝ» አለቻት፣ ሳትቆጣ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሚጡ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ ከዳንኩ ትተወኛለች። እንዳትተወኝ ደግሞ መታመም አለብኝ። አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ታከብቢያለሽ?»

«እውነቱን ነዋ።»

«እውነቱ እኮ ነው የሚያስባርረኝ!»

ወዲህም ገደል፣ ወዲያም ገደል። ደግሞ ልናገረው እንጂ፣ እውነቱን ያልኩት ለእሷ ብቻ ብዬ አይደለም። ደክሞኝ ነበር። ሽንት ቤት እንኳ ስልኬን ይዤ ነው የምገባው። እሷ በሕመሟ ስትታሰር እኔም አብሬ ታስሬያለሁ፤ ድምሩ ወርዶ እኔም እንድፈታ ፈልጌ ነበር። አፍርበታለሁ፣ ግን እንደዚያ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ሚጡ «አብረሽኝ ግቢ» አለችኝ። የአማካሪዋ ክፍል ጠባብ ናት፤ ሦስታችን ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ተቀመጥን። ሚጡ ሳትዋሽ ሞላች፤ በዓይኔ አየኋት። ቁጣ፣ አንድ። ባዶነት፣ ሁለት። ራስን መጉዳት፣ ዜሮ። እዚህ ላይ እንባዬ መጣ። «ሰው ጥሎኝ ይሄዳል የሚል ፍርሃት» የሚለው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ከዚያ አራትን ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ አከበበችው።

አማካሪዋ ደመረች፤ ደግማ ደመረች።

«አሥራ ሁለት!» አለች። ደስታዋ የእውነት ነበር። «እንኳን ደስ አለሽ! ይሄ ሁሉ ያንቺ ልፋት ነው። እንግዲህ የምንገናኘው ከሦስት ወር በኋላ ነው።»

እህቴ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ጣቷን ያከበበችው ቁጥር ላይ አደረገች።

«ከአራት በላይ የለውም?»

አማካሪዋ እርሳሷን አስቀመጠች።

«የለውም» አለች።