ተቀባይ ያጣች ግጥም

ልጄን የዳርኩ ጊዜ ቤታችንን ያመሰው የሙዚቃ ነገር ነው ብል የሚያምነኝ የለም። ግን እሱ ነው። ደርግ ከወደቀ ሰባት ዓመት ሆኖታል፣ ወሩ ጥር ነው፣ ቤታችን ገርጂ ነው። እኔ ማሲንቆ ይመጣል አልኩ። ልጄ ዲጄ አለች። እናቷም ከልጇ ጋር ወገነች።

«አባዬ፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ይመጣሉ» አለችኝ። ቦሌ አንድ የጉዞ ወኪል ዘንድ ነበር የምትሠራው። «አዝማሪ ሰው ይሳደባል። አለቃዬን ራሰ በራ ቢልብኝስ?»

«ራሰ በራ ነው?»

«ነው።»

«ታዲያ ምኑ ነው ስድቡ?»

እናቷ ከጓዳ ሆና «አይ አንተ ሰውዬ! አንድ ቀን እንኳ እሺ በላት!» ብላ ጮኸች። ይቺ «አንድ ቀን እንኳ» ያለቻት ነገር ወጋችኝ። እውነቷን ነውና።

ከሠርጉ ሁለት ዓመት በፊት የሙሽራው ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ መልሻቸዋለሁ። መጀመሪያ የመጡት በሥራ ቀን ነው። እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ቱታዬን እንደለበስኩ፣ እጄ እንደጠቆረ ደጃፌ ላይ ደረሱብኝ። ንቀት ነው አልኩ። ሁለተኛው ጊዜ እሑድ ቀን የክታቸውን ለብሰው መጡ፤ ያኔ ደግሞ አንዴ እምቢ ያልኩትን እሺ ማለት አቃተኝ። ልጁ እንከን የሚወጣለት አልነበረም። ልጄ ዓመት ሙሉ አለቀሰች፣ እኔ ፊት ሳይሆን ጓዳ እየገባች። ጠዋት «ደህና አደርክ አባዬ» ትለኛለች፤ ከዚያ ሌላ ቃል የለም። ሽማግሌዎቹ ሦስተኛ ሲመለሱ እሺ አልኩ። እሺ ማለት ግን አጥፍቻለሁ ማለት አይደለም። እሱን አላልኩም። አባት ለልጁ ይህን በየት አፉ ይላል? እኔ ባደግኩበት አይባልም።

በማሲንቆ ግን ይባላል። ሰው ፊት ለፊት የማይወጣውን ነገር ለአዝማሪ ይሰጣል። «ተቀበል!» ይልና ግጥሙን ይነግረዋል፤ አዝማሪው በዜማ ይለዋል። የሰጠውም አያፍርም፣ የተባለለትም ይሰማል። እኔም ጎማ እያወለቅሁ ሁለት ወር ሙሉ ያበጀኋት አንዲት ግጥም ነበረችኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አልጻፍኳትም፤ በቃሌ ነው የያዝኳት።

አማላጅ መልሼ ያስለቀስኩሽ ልጄ፣
ማሪኝ ሳትሄጂብኝ ከቤቴ ከደጄ።

ይችን ልጄ እንድትሰማልኝ ነው ማሲንቆ ያልኩት። ምክንያቴን ግን ለማንም አልተናገርኩም። መናገር ብችልማ ኖሮ አዝማሪ ምን ያደርግልኛል?

ተነታርከን ተነታርከን፣ ምሳው በዲጄ ይሁን፣ ሙሽራዋ ስትወጣ በማሲንቆ ይሁን ተባለ። ሾላ ገበያ አጠገብ ጠጅ ቤት ውስጥ የሚጫወት አንድ አዛውንት አዝማሪ አነጋገርኩ።

«አንዲት ግጥም እሰጥሃለሁ» አልኩት።

«አሁኑኑ ይስጡኝና ልያዛት ጌታዬ። ጆሮዬ እንደ ድሮ አይደለም።»

«ግጥም አስቀድሞ ይሰጣል እንዴ! የተጠናማ ካሴት ነው። ተቀበል ስልህ ተቀበለኝ፣ በቃ።»

«እርስዎ ካሉ» አለ።

ያን ጊዜ ብነግረው ምን ነበረበት! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የሠርጉ ቀን ዲጄው መጣ። ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ነው። በሬ የሚያካክሉ ሁለት ሞንታርቦዎች ድንኳኑ ውስጥ ገተረ። ሲከፍተው ብርጭቆው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተንቀጠቀጠ። ጎረቤቴ እንኳን ደስ ያለህ ያለኝ በእጁ ምልክት ነው። ልጄ ግን ጨፈረች፣ ሳቀች። ይህን አልክድም።

ሙሽራው ሊወስዳት ሲነሳ ማሲንቆው ጀመረ። አጠገቡ ከቆምን ከሦስት ሰዎች በቀር የሰማው የለም፤ ሰዉ ጆሮው ደንቁሯል። ዲጄው ደግ ሰው ነው፣ የጎዳኝም ደግነቱ ነው። «ፋዘር፣ ድምፅዎ ይሰማ እንጂ» ብሎ ማይክሮፎኑን አዝማሪው አፍ ሥር ደገነለት።

አዝማሪው የገዛ ድምፁ ከነዚያ ሳጥኖች ሲወጣ ሰማ። በቃ፣ ሰከረ! ዓይኑን ጨፈነ። ሚዜዎቹን አንድ በአንድ አወደሰ። አማቾቼን አወደሰ። የልጄን አለቃ አናቱን ጨረቃ ነው አለው፤ ሰውየው ከሁሉ በላይ ስቆ ግንባሩ ላይ ብር ለጠፈለት።

«ተቀበል!» አልኩ። አልሰማኝም።

«ተቀበለኝ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። አሁንም የለም። እጅጌውን ብጎትተው ዓይኑን ገለጥ አደረገና «እሺ ጌታዬ!» አለ፤ ብሎም እኔን ማወደስ ጀመረ። የድግሱ ባለቤት፣ እጀ ሰፊው፣ ሆደ ቡቡው፣ የልጁን እንባ ማየት የማይወደው አለኝ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት! ሴቶቹ እልል አሉ። ማሲንቆውን ነጥቄ ልሰብረው ምንም አልቀረኝም።

ዲጄው ሁኔታዬን አይቶ መናገር የፈለግሁ መሰለው። ማይክሮፎኑን ለእኔ አዞረና «ዝም በሉ፣ አባት ይናገሩ!» አለ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። በገዛ አፌ፣ ያለ ዜማ፣ ያውም በሞንታርቦ!

«እግዚአብሔር ይባርካችሁ» አልኩና ማይክሮፎኑን መለስኩለት።

«አሜን!» አለ ሰዉ። ምርቃቱ አለቀ ብለው ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ከበው ይዘዋት ወጡ፤ ዲጄውም ሙዚቃውን ለቀቀው። እኔ በሰዉ መሃል ተጋፍቼ ደጅ ስደርስ መኪናው ውስጥ ገብታለች፣ ሞተሩም ተነሥቷል። አጠገቧ ደረስኩ። መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ምነው አባዬ?»

ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ጠበቀችኝ፤ እውነቴን ነው፣ ትንሽ ጠበቀችኝ። ግጥሟ ምላሴ ላይ ነበረች።

«በሩ በደንብ አልተዘጋም» አልኳት።

ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ቀድሞም ደህና ተዘግቶ ነበር።