አጥር እንደ ቡና ችግኝ

አባቴ ከአጋሮ ወደ እኔ ቤት፣ ወደ ሰቶ ሰመሮ የመጡት አንድ እግራቸው አልታዘዝ ካላቸው በኋላ ነው። ምርኩዝ አቀረብኩላቸው፤ «ማን ሽማግሌ አለህ?» አሉኝ። ክንዴን ሰጠኋቸው፤ ገፉት። መስጊዱ ከግቢያችን በር ወጣ እንዳሉ ነው፤ እስከ በሩ ከደረሱ ደግሞ ከዚያ ወዲያ አብሯቸው የሚሄድ ሰጋጅ ሞልቷል። ነገር ግን ከቤቱ እስከ በሩ ያለው አጥር ወድቋል፤ የሚይዙት ነገር የለም። «አጥሩ ይቁምልኝ፣ እሱን ይዤ ራሴ እሄዳለሁ» አሉና ቤት ውስጥ መስገድ ጀመሩ። ሰው ሳያዩ፣ ከማንም ጋር ሳይጫወቱ ሲውሉ ዝምታቸው እየበዛ ሄደ። አጥሩን ላቆምላቸው ወሰንኩ።

ባለቤቴ ሠራተኛ ጥራ አለችኝ። የቡና ገበሬ ልጅ ሆኜ ጉድጓድ ሊያቅተኝ ነው እንዴ! ሲሚንቶ እንኳ አያስፈልገኝም ብዬ ፎከርኩ። ጎረቤት ስለሰማኝ ወደ ኋላ ማለት አልተቻለም።

ቆፈርኩ። ጉድጓዶቼ ሰፋፊና ያማሩ ነበሩ። ከላይ የወጣውን ጥቁር አፈር ለብቻ፣ ከታች የወጣውን ቀዩን ለብቻ ከመርኩ። የባሕር ዛፉን እንጨት አቆምኩና መጀመሪያ ጥቁሩን አፈር መለስኩ። በእግሬ ለስለስ አድርጌ ረገጥኩት፤ እንዳይታፈን መሆኑ ነው። ውሃ አጠጣሁት። በመጨረሻ ዙሪያውን የቡና ገለባ አለበስኩት። እጄ ከልጅነቱ የለመደውን ሲሠራ ጭንቅላቴ የት ሄዶ እንደነበር እንጃ።

አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆይተዋል። የመጨረሻውን እንጨት አቁሜ ላቤን ስጠርግ ጠሩኝ።

«ያ ጉርባ!» ፀጉሬ ሸብቷል፤ ለእሳቸው ግን ያው ጉርባ፣ ያው ትንሽ ልጅ ነኝ። «ማሻአላህ፣ ጥሩ ተክለሃል። መቼ ነው የሚያፈራው?»

የአጥር እንጨት እንደ ቡና ችግኝ መትከሌ ያን ጊዜ ገባኝ። ሄጄ አንዱን ብነካው እንደ ልጅ ጥርስ ተነቃነቀ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ለችግኞችህ የጥላ ዛፍስ አትተክልላቸውም?» አለችኝ። እንጨቶቹን አንድ በአንድ ነቀልኳቸው።

በማግስቱ አባቴ ወንበራቸውን ወደ ግቢው አስወጥተው ያሠሩኝ ጀመር። ጉድጓዱ እንጨቱን ብቻ የሚያስገባ ጠባብ፣ ግን ጥልቅ ይሁን አሉ። አፈር ውስጥ የሚገባውን ጫፍ እንዳይበሰብስ እሳት ላይ አጠቆርነው። ዙሪያውን ድንጋይ ወሸቅሁ። ከዚያ ቀዩን አፈር ጥቂት ጨምሬ በመቆፈሪያው ብረት፣ በዲጂኖው ጀርባ መጠቅጠቅ፣ ደግሞ ጥቂት ጨምሬ መጠቅጠቅ።

«ጠቅጥቅ! ችግኝ አይደለም፣ አታባብለው!»

«ይበቃዋል አባባ።»

«አንተን በቃህ እንጂ እሱንማ የት በቃው!»

መዳፌ ውሃ ቋጠረ። የዝናቡ ውሃ እንዳያቁር አናቱ ላይ አፈሩን ጉብ አድርጌ ጨረስኩ። ማገሩን ስመታ ወገቤ አልቃና ብሎኝ ነበር።

የዙህር አዛን ሲሰማ አባቴ ተነሡ። «ቢስሚላህ» ብለው የመጀመሪያውን እንጨት ጨበጡ፤ ክብደታቸውን ሁሉ ጣሉበት። ቆመ። እኔ እጆቼን ዘርግቼ ከኋላቸው ስከተል «ወዲያ ሂድ፣ ዶሮ የምታባርር ትመስላለህ» አሉኝ። ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገሩ በሩ አጠገብ እስካለው እንጨት ደረሱ። እዚያ ቆሙ።

«ይኼኛው ይንቀጠቀጣል» አሉ።

ደንግጬ ሮጥኩ። በሁለት እጄ ይዤ ወዘወዝኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ቀና ስል እንጨቱ ላይ ያረፈውን እጃቸውን አየሁ። የሚንቀጠቀጠው እሱ ነበር።

«እውነትዎን ነው አባባ» አልኳቸው። ዲጂኖውን አመጣሁና፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ድረስ፣ ያን የማይነቃነቅ እንጨት ዙሪያውን ጠቀጠቅሁ።