ያኝኩት፣ አባባ

ያሰሩን ቡራዩ ውስጥ፣ ድሮ የሲሚንቶ መጋዘን በነበረ ቤት ነው። ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፌስታሎች ነበር፤ ሰው ሁሉ ንብረቱን በፌስታል አንጠልጥሏል። አሥራ አንድ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ለምርመራ ወሰዱኝና ሳይመቱኝ መለሱኝ። ምነው በመቱኝ! ከዚያ ወዲያ "ጆሮ ጠቢ" ተባልኩ። ሌሎቹ እስረኞች ክብ ሠርተው ሲበሉ እኔ ጥግ ይዤ ብቻዬን እበላለሁ። ሰው መሀል ተቀምጬ ሰው ናፈቀኝ።

አንድ የመናገሻ ገበሬ ብቻ፣ ሁላችንም ኦቦ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ጠዋት ጠዋት በኦሮምኛ "አካም ቡልቴ?"፣ እንዴት አደርክ፣ ይሉኛል። "ናጋ"፣ ደህና፣ እላለሁ። የቀኑ ወሬዬ ያችው ነበረች።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ኦቦ ጉርሻቸውን ትተው ደረታቸውን ያዙ። ላብ አጠመቃቸው፤ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዳቸው ወረደ። ፋርማሲስት ነኝ፤ ባልሆንም አውቀው ነበር፣ እኔንም አንዴ ጥሎኛል። የልብ ደም ሥር ሲዘጋ ጡንቻው በየደቂቃው ይሞታል። በሩን ደበደብኩ።

"አዛዡ ምሳ ላይ ናቸው" አለ ጠባቂው። "ያለ እሳቸው ፈቃድ ማንም አይወጣም።"

"እሳቸው እስኪበሉ የሰውዬው ልብ ይጠብቃል?"

ባለቤቴ ለራሴ ልብ የላከችልኝ አስፒሪን ኪሴ ውስጥ ነበር። የረጋውን ደም አያሟሟም፤ እንዳይብስ ግን ያግዛል። አራት ፍሬ ይዤ ስጠጋ፣ ከእስረኞቹ አንዱ፣ መካኒኩ፣ እጄን ጨምድዶ ያዘ።

"ማን ሰጥቶህ ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።"

ኦቦ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

"ልቀቀው" አሉት። ወደ እኔ ዞረው፣ "ይዋጣል?"

"ያኝኩት፣ አባባ። ቶሎ ይሠራል።"

ሁሉ እያያቸው አኘኩት። አዛዡ ሲመጣ ከአንድ ሰዓት በላይ አልፎ ነበር። በብርድ ልብስ ተሸክመን በር ስናደርሳቸው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው መካኒኩን ጠሩት።

"ይህ ልጅ ብቻውን አይብላ።"

ለእራት መካኒኩ "ና ብላ" አለኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። ሄድኩ። ኦቦ የሚቀመጡበት ቦታ ባዶ ነበር፤ ከጎኑ ተቀምጬ በላሁ።

ሆስፒታል ደርሰው የረጋውን ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት በጊዜ አግኝተው እንደሆነ የነገረን የለም። ከተፈታሁ ዓመታት አልፈዋል። መናገሻ ከቤቴ የአንድ ታክሲ መንገድ ነው፤ አልሄድኩም። ሞተዋል እንዳይሉኝ እፈራለሁ። ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ ያመኑኝ እሳቸው ነበሩ፣ መሄድ ነበረብኝ።