ልዩ ልዩ ወጪ

ዩኒቨርሲቲ የደረሰኝ ሰሜን ነው፤ ከአዲስ አበባ የተነሳው አውቶቡስ ደሴ አድሮ በማግስቱ ማምሻውን የሚገባበት ሩቅ ከተማ። ዶርምና ምግቡን መንግሥት በወጪ መጋራት ይሸፍነዋል፤ ተመርቄ ሥራ ስይዝ እከፍለዋለሁ። የቀረውን ራሳችን መቻል ነበረብን። አባቴ ደግሞ ከክር ፋብሪካ በቅነሳ ከወጣ ወዲህ የመጋዘን ዘበኛ ነበር።

ቃሊቲ ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኞችን ልጆች የሚረዳ አንድ ድርጅት አለ ሲሉን ሄደን ቅጽ ተቀበልን። «የአንድ ዓመት የትምህርት ወጪ ግምት» ይላል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁጭ ብለን ሞላነው። አባቴ ሳሪስ ገበያ ድረስ ሄዶ የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ ጠይቆ ነበር፦ ደብተር፣ ሳሙና፣ ብርድ ልብስ። ፎቶ ኮፒውንና ትራንስፖርቱን እኔ ጨመርኩ። አንድ ነገር ቀረ፤ ሞዴስ። በአባቴ ፊት ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ «ልዩ ልዩ» ብዬ ጻፍኩና የወሩን በአሥራ ሁለት አባዝቼ አሰፈርኩ።

«ልዩ ልዩ ምንድን ነው?» አለኝ።

«አንዳንድ ነገር ነዋ፣ አባዬ።»

ሰኞ ግማሽ ቀን ተሰልፈን ገባን። ሠራተኛው ወጣት ነው፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዟል።

«ብርድ ልብስ ከቤት ትውሰድ፣ አባት» አለና ሰረዘ። ቀጠለ። «አራት ጉዞ ምን ያደርጋል? አንዴ መሄድ፣ አንዴ መምጣት። ይሄ የደሴ ማደሪያ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አውቶቡሱ ያድራላ ልጄ» አለ አባቴ።

«ቅጹ ላይ ማደሪያ የሚባል ወጪ የለም።»

«ታዲያ የት ትደር?»

«እሱን እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ።» ሰረዘው። «ልዩ ልዩስ?»

አባቴም ዞሮ አየኝ። ከኋላችን የተሰለፉት ሁሉ ጆሯቸውን የጣሉብኝ መሰለኝ። «አንዳንድ ነገር» አልኩ።

«ለአንዳንድ ነገር በጀት አይያዝም።» እሱንም ሰረዘ።

ውጭ እንደወጣን አባቴ ተቆጣ። «ምን ነበር መናገሩ?»

«ሞዴስ ነው!» ብዬ ጮህኩበት፤ የጭነት መኪና በሚርመሰመስበት መንገድ ዳር። ማልቀስም ጀመርኩ።

አባቴ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ተከትዬው በሩ ላይ ቆምኩ። ቆቡን አውልቆ ለዚያ ወጣት «ልጄ ሴት ናት፣ የወር ነገር ነው» ሲል ሰማሁት። ሰውየው ቀና እንኳ አላለም። «ተፈርሟል አባት። ለከርሞ ያስተካክሉት።»

የገመትነው እኩሌታ እንኳ አልተሰጠንም። እሱም የደረሰኝ ኅዳር ላይ ነው። ደሴ ላይ አውቶቡሱ ውስጥ ቦርሳዬን አቅፌ አደርኩ። በየወሩ የዶርም ጓደኞቼን እለምናለሁ፤ እነሱም ባጡ ጊዜ አሮጌ አንሶላ ቀደን እንካፈላለን። ያን ሰው ባሰብኩት ቁጥር ጥርሴን አፋጫለሁ፤ ከእሱ ይልቅ ግን በራሴ ዝምታ እበግናለሁ።

ለፋሲካ ወደ ቤት መሄጃ አልነበረኝም። ሰፈራችን ወዳለው ሱቅ ደወልኩና ባለሱቁ አባቴን ጠራልኝ።

«ምን ጎደለሽ?» አለኝ።

ከሞዴስ ጀምሬ አንድ በአንድ ነገርኩት። አላፈርኩም። «ቆይ፣ ልጻፈው» ብሎ ከባለሱቁ እስክሪብቶ ሲጠይቅ ይሰማኛል። ሳልጨርስ ስልኩ ተቋረጠ፤ መልሼ ለመደወል ሳንቲም አልነበረኝም።