ይሆናል፣ ግን

በእኛ ጋራዥ ማንም የማንንም ሐሳብ «እምቢ» ብሎ አይመልስም፤ ባለሐሳቡ ታላቅ ከሆነማ ጭራሽ አይሞከርም። መጀመሪያ «ይሆናል» ይባላል፤ ሐሳቡ ይመሰገናል፤ «ግን» የሚመጣው ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ ነው። እኔ ግልፍተኛ ነኝና ይህን ለመልመድ ብዙ ተሰቃይቻለሁ። ግን ወልድያ ውስጥ ጋራዥ በቁጣ አይመራም፤ ሠራተኛ አንዴ ካኮረፈ መፍቻ የሚያቀብልህ ታጣለህ።

የገና ሰሞን ነው። አንድ የሚኒባስ ሾፌር በዓሉን ላሊበላ የሚያከብሩ ሰዎች ከመርሳ ጭኖ ሲመጣ ፍሬኑ ሰነፈበትና እኛ ጋ ገባ። የኋላ ግራ ጎማው ከውስጥ በኩል የፍሬን ዘይት ያንጠባጥባል። የሚቀየረው ዕቃ ከደሴ ካልመጣ የለም፤ የሚደርሰውም በማግስቱ ነው። ሾፌሩ በሩ ሥር አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ አፍ አፋችንን ያያል።

ይሄኔ ጋሼ ተነሡ። ጋሼ ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ አሁን ግን የጋራዡ ኃላፊ እኔ ነኝ።

«ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን የዘይት ቱቦ ደፍነን በሦስቱ ብቻ ይያዝ» አሉ። «ስንቱን መኪና እንዲህ አድርጌ ሸኝቻለሁ።»

ደነገጥኩ። ከላሊበላ ሲመለስ የድልብን ቁልቁለት የወረደ ያውቀዋል፤ ጥምዝምዙ አያልቅም፣ በአንድ ወገን ገደል ነው። ፍሬኑ አንድ ጎን ሲበረታ መኪናው ወደዚያው ይሳባል። ጩኸቱ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን መፍቻ አያያዝ ያሳዩኝን ሰው በሾፌር ፊት ማዋረድ ደግሞ ነውር ነው፤ ዋጥ አደረግኩት።

«ይሆናል ጋሼ፤ ጥሩ ዘዴ ነው» አልኩ። «ከዚህ እስከ መናኸሪያ፣ ሜዳ ለሜዳ ለማንቀሳቀስ አንቱ ያሉት ይበቃናል። ግን ድልብን ሰው ጭኖ ሲወርድ ወደ አንድ ጎን ቢጎትትስ? ተሳፋሪዎቹን ለሌላ መኪና እንስጣቸው፤ ነገ ዕቃው ሲመጣ አንቱ ይግጠሙት። ሌላ ሰው አላስነካውም።»

ጋሼ ትንሽ አሰቡና ሳቁ። «ልክ ነህ ልጄ፤ ቁልቁለቱን ረስቼው» አሉ። አልተከፉም። በራሴ ኮራሁ። ሾፌሩም በእሺታ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁት። «በሉ እንግዲህ፣ ቀስ እያልኩ የማድርበት ደጅ ላቁመው» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ዕቃው መጣ፤ ሾፌሩ ቀረ። ስልኩም ዝግ ነው። መናኸሪያ ሄደን ብንጠይቅ እነዚያኑ ሰዎች ጭኖ በማለዳ መውጣቱን ነገሩን። ጋሼ ዕቃውን ከካርቶኑ ሳያወጡ እጃቸው ላይ ያገላብጡት ጀመር። ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር ነው። ድልብ ሲሄዱ ዳገት ነው፤ ዳገት ፍሬን አይጠይቅም። የፈራነው መመለሻውን ነው።

በዓሉን እንደ ሰው አላከበርኩም። ከላሊበላ መንገድ የመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር ወሬ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ደግሞ መልሱን መስማት እፈራለሁ።

የበዓሉ ማግስት ከሰዓት በኋላ ጋራዥ እንዳለን የጋሼ ስልክ ጠራ። ሾፌሩ ነበር። ድምፁ እኔ ከቆምኩበት ይሰማል።

«እንኳን አደረሰዎ ጋሼ! ድልብ አናት ላይ ነኝ። ያንን ቱቦ ራሴ ደፈንኩት እኮ! እርስዎም ብለዋል፣ አለቃውም ‹ይሆናል፣ ጥሩ ዘዴ ነው› አለ። ይኸው ላሊበላ ደርሼ መጣሁበት። ትንሽ ወደ ቀኝ ይጎትታል እንጂ ምንም አይል።»

የእኔን «ግን» የት እንደጣለው እግዜር ይወቅ። ተናድጄ ስልኩን ልነጥቅ እጄን ስዘረጋ ቀድመውኝ የጮኹት ጋሼ ናቸው። ያን ሁሉ ዘመን አብሬያቸው ስሠራ ያን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም።

«እምቢ! እንዳትወርድ! ሰዎቹን አውርዳቸው! እምቢ ብዬሃለሁ!»

«እሺ ጋሼ፣ እሺ» አለ ሾፌሩ እየሳቀ። ከኋላው ተሳፋሪዎቹ እያጨበጨቡ ይዘምራሉ። ከዚያ ሞተሩ ሲነሣ ሰማን።